የካሣ ቤት ሐረግ

ገዳሪፍ ላይ የነርቭ ሐኪም መሆን በበረሃ ዋና እንደማስተማር ነበር። ሰዉ የሚሞተው በወባ፣ በተቅማጥና በካላዛር ነው፤ እኔ ደግሞ የጎማ መዶሻዬን በጋዋኔ ኪስ ከትቼ የሰው ጉልበት ስመታ እውላለሁ። ገበያው ጫፍ ላይ ሱቅና አንድ አሮጌ ሎሪ ያለው ጎንደሬው ጀማሉ «ዱክቱር መዶሻ» የሚል ስም አውጥቶልኝ ከተማው ሁሉ ተቀበለው። ስሜስ አንዳርጋቸው ነው። ለንደን ድረስ ሄጄ ስድስት ዓመት የተማርኩት በዘር የሚወርዱ የነርቭ በሽታዎችን ነበር። ወደ አገሬ በተመለስኩ በሦስተኛው ዓመት አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ሐኪሞች ከቤታቸው ተወስደው ሲቀሩ፣ ተራዬን ሳልጠብቅ በመተማ በኩል በእግሬ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ስደተኛ አልነበርኩም። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ እግሬ ገዳሪፍ፣ አንድ እግሬ የካርቱም አውቶቡስ ላይ ነበር። ሻይ አዝዤ ሳልጠጣው እነሣለሁ፤ ደብዳቤ ጀምሬ ሳልጨርስ ሌላ እጀምራለሁ። አንገረብ አልጋዬን በዓመት አራት ጊዜ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አዛውር ነበር። ከክሊኒኩ ሠራተኞች ጋር በየሳምንቱ እጣላለሁ፤ ለለንደኑ መምህሬም በየወሩ ከዚህ አውጡኝ እያልኩ እጽፋለሁ። እሳቸውም በትሕትና፣ ቦታ እንዲገኝ ሥራ መታየት አለበት ብለው ይመልሳሉ። ምን ሥራ ላሳይ? የወባ ክኒን ማደል?

ሥራው ራሱ በእግሩ የመጣው በሰባ ስድስት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ካሣ ይባላል፤ ቢበዛ የሃምሳ ዓመት ሰው፣ የጭልጋ ገበሬ። ሚስቱ ወለተ ማርያም ክንዱን ይዛ አስገባችው። ከበሩ እስከ ወንበሬ ያለችውን አሥር እርምጃ ሲራመድ ትከሻው ይሰበቃል፣ ቅንድቡ ይነሣል ይወድቃል፣ ጣቶቹ የሌለ በገና ይደረድራሉ። አንደኛዋ ነርስ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ይህን በሽታ በሕይወቴ ያየሁት ለንደን ውስጥ፣ በሦስት ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ሰው ጎልምሶ ልጆች ከወለደ በኋላ ይጀምረዋል፤ አካልን ያለ ፈቃዱ ያንቀሳቅሳል፣ ቆይቶም አእምሮን ይበላል። ከታመመ ወላጅ ለሚወለድ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። መድኃኒት የለውም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ቀን ግን ደስ አለኝ።

ወለተ ማርያም እንዴት እንደተሰደዱ ነገረችኝ። የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ለተሰዉ ጓዶች የኅሊና ጸሎት ተብሎ ሰዉ ሁሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ካሣ ትከሻውን ሰበቀ። ሊቀመንበሩ በአብዮቱ ላይ ይጨፍራል ብሎ ሦስት ወር አሰረው። እዚያም ቀጥ በል እየተባለ ተደበደበ፤ በተደበደበ ቁጥር ባሰበት። ሲፈታ ልጆቻቸውን ይዘው ገላባት ገቡ። ሱዳንም ቢሆን አልተመቸውም። የደረሰ ሰሊጥ የማያርፍ እጅ ከነካው ፍሬው ይረግፋልና የእርሻ ወኪሎቹ ካሣን ከሩቅ እያዩ ይመልሱታል። የሚሠሩት ሁለቱ ልጆች ናቸው፤ የሃያ ሦስት ዓመቷ አሰጋሽና የሃያ ዓመቱ ታከለ።

የቤተሰቡን የዘር ሐረግ መጻፍ የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። ለንደን ውስጥ ሰው ቅድመ አያቱን ሲጠየቅ ጣራ ጣራ ያያል። ወለተ ማርያም ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር እየሰማች ያደገች ሴት ናትና፣ የባሏን ዘር ከነቅርንጫፉ እንደ ዳዊት ደገመችው። ማን ማንን ወለደ፣ ማን «ያ ነገር» ይዞት ገደል ገባ፣ ማን ጠበል ቦታ እንደታሰረ ሞተ። «ያ ነገር» ነው የሚሉት፣ ሌላ ስም አልሰጡትም። ሴቱን በክብ፣ ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ የታመመውን በጥቁር ቀለም እየሞላሁ በሦስት ቀን ስልሳ አንድ ሰው ጻፍኩ። በመጨረሻ ልጆችዎስ ብላት፣ አሰጋሽና ታከለ አለችኝ፤ ከካሣ ሥር አንድ ክብና አንድ አራት ማዕዘን ሣልኩ።

ሐረጉን ለመምህሬ ልኬ የለንደኑ መልስ በአንድ ወር ደረሰኝ፤ እንዲህ ፈጥነው መልሰውልኝ አያውቁም። የበሽታው መነሻ በዘራችን ውስጥ በየት አካባቢ እንደሆነ ፍንጭ ተገኝቷል፣ የትልልቅ ቤተሰቦች ደም በጣም ይፈለጋል ይላል። ሥራው ከተሳካም ለእኔ ቦታ አይጠፋም። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ ቀረ። ልጆቹን በዐይኔ ላያቸው ብዬ በማግስቱ በጀማሉ ሎሪ ወደ ፋሽጋ እርሻዎች ሄድኩ።

አሰጋሽ የቀን ሠራተኞቹ መጠለያ ካምቦ አጠገብ የታጨደውን ሰሊጥ እያሰረች ስታቆም አገኘኋት። ቀጭን፣ ዐይነ ደረቅ ልጅ ናት። የአባቷ ሐኪም መሆኔን ታውቃለች፤ ለምን እንደመጣሁም ገብቷታል። አሥር እርምጃ ራቅ ብዬ ማስታወሻዬን ይዤ ቆምኩ። ነዶውን ስታነሣ ጣቶቿ ተንቀጠቀጡ፣ ፍሬው እግሯ ላይ ፈሰሰ፤ ወኪሉ ጮኸባት። ሁለተኛውንም አፈሰሰችው። «ጣቶች አያርፉም። ጅማሬ?» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። እጮኛዋ ደመቀ ትራክተሩ ላይ ሆኖ ያየኝ ነበር፤ ሰርጋቸው ለጥር ተቆርጧል።

በሳምንቱ ብቻዋን ክሊኒክ መጣች። ሰው ሁሉ ስለ ቤታቸው በሐሜት ሲነግራት እንደኖረች፣ አሁን ከተማረ ሰው አፍ እውነቱን መስማት እንደምትፈልግ ተናገረች። እኔም በእውነተኛነቴ የምኮራ ሰው ነበርኩ፤ በዚያ ላይ የአውቶቡስ ሰዓት ሊያመልጠኝ ነበር። ቆሜ፣ ቦርሳዬን በእጄ እንደያዝኩ፣ የጀመራት ይመስለኛል አልኳት። አላለቀሰችም። የምወልደውስ አለችኝ። ግማሽ በግማሽ ነው አልኩ። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሰው እንዲህ ላለ ነገር ያመሰግናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ለደመቀ ሽማግሌ ልካ ነገሩ ቀርቷል አስባለች። አጨዳው ሲያልቅ ካርቱም ልትሄድ፣ ሰው ቤት ልትቀጠር ከአንድ ሾፌር ጋር ተነጋግራለች። ያ ነገር ሲብስባት ዘመድ እንዳያያት ነው። ይህን የነገረኝ ጀማሉ ነበር፤ ያን ቀን ዱክቱር መዶሻ አላለኝም።

«አንተ ዱክቱር፣ የጠየቁህን ሁሉ መመለስ ግዴታ አለብህ?» አለኝ።

ተቆጣሁ። እሱ ስኳርና ጨርቅ እንደሚሸጥ፣ የእኔ ሥራ ግን እውነት መናገር እንደሆነ ነግሬው ሻዬን ጥዬ ወጣሁ።

ኅዳር ማብቂያ ላይ የበረዶ ሣጥንና የደም ብልቃጦች ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ከተማው ዳር ሁለት ጎጆ፣ መሐል ላይ አንድ ራኩባ፣ የሣር ዳስ አላቸው። የካሣን ደም ለመቅዳት ታከለና ወለተ ማርያም ክንዱን ግራና ቀኝ ያዙልኝ፤ ቀጥሎ የእሷን ቀዳሁ፣ ታከለም እጅጌውን ሰብስቦ ሰጠኝ። አሰጋሽ ክንዷን ስትዘረጋ እናቷ መሐል ገባች።

«ደም ይናገራል እንዴ፣ ዶክተር?»

«ይናገራል እማማ» አልኩ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያምረኝ ነው የኖርኩት። «ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ሳይቀር ይናገራል።»

ወለተ ማርያም የልጅቱን እጅጌ ወደ ታች ጎትታ ሸፈነችው። ይቺን አይነኩም አለች። ለመንኩ፣ አስረዳሁ፣ በመጨረሻ ጮህኩ። ድንቁርና ነው አልኩ፤ በሽታውም ድንቁርናውም አብሮ ይወርዳል አልኩ። ይህን ያልኩት በሰው ቤት፣ በበሽተኛ ፊት ነው። ካሣ ትከሻውን እየሰበቀ መሬት መሬት ያያል። በረዶው እየቀለጠ ስለነበር ሣጥኔን ይዤ እየሮጥኩ፣ ወደ ለንደን እንዲላክ የካርቱም አውቶቡስ ላይ አደረስኩት።

በሁለተኛው ቀን ወለተ ማርያም ክሊኒክ መጣች። በሽተኞቹ እስኪያልቁ ከውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ስትገባ እንደ ወትሮዋ አንቱ ትለኛለች ብዬ ነበር።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ያ ነገር በጡት ያልፋል?»

አያልፍም፣ በዘር ብቻ ነው አልኳት።

«የወለዱት እናትና አባት ጤነኞች ከሆኑስ?»

እንዲያ ከሆነ ከካሣ ቤት ቢያድግም አይነካውም አልኩ። ይህን ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁትና እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ስም ሳትጠራ አንድ ታሪክ ነገረችኝ። ጭልጋ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። የአንደኛዋ ሕፃን በተወለደ በአምስተኛው ቀን ሞተባት፤ ጡቷ ወተት እንደሞላ ቀረ። በዚያው ሳምንት ሁለተኛዋ ጎረቤት ሴት ልጅ ወልዳ በወሊድ ሞተች። ባልየው ቀደም ብሎ በወባ ሞቷል፤ የሁለቱም ዘር ሲቆጠር እንዲህ ያለ በሽታ የለበትም። ወተት ያላት ሴት ሕፃኗን አጠባች፤ እሷና ባሏ ቄስ ፊት ቀርበው ይቺ ልጃችን ናት፣ አይደለችም ያለ ከአርዮስ ጋር ይቆጠር ብለው ማሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጡት ልጅ እንደ ማኅፀን ልጅ ነው፤ ትወርሳለች፣ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠርም ከእነሱ ዘር ትቆጠራለች። እኔ ልጆችዎ እነማን ናቸው አልኳት እንጂ ማንን ወለዱ ብዬ አልጠየቅኋትም። እሷም አልዋሸችኝም።

ሰሊጡን በማፍሰሷ ጅማሬ ብዬ የጻፍኩት ታወሰኝ። ፍርሃት ነበር። አንድ ሰው ማስታወሻ ይዞ የሞቷን ምልክት ሲጠብቅ እጇ ካልተንቀጠቀጠ የማን እጅ ይንቀጠቀጥ? ተማሪዬ እንዲህ ቢሳሳት ኖሮ ከክፍል አስወጣው ነበር። ራሴን ጠላሁት።

ይንገሯት እንጂ አልኳት፤ ዛሬውኑ ነግረው ያድኗት።

«ነግሬያት እናት አልባ ላድርጋት?» አለች። «መሐላዬንም አላፈርስም። አንተ ግን አልማልክም። ደሟን ቅዳና ጥቂት ሰንብተህ፣ ምርመራው ደምሽ ንጹሕ ነው ብሏል በላት። ደም ይናገራል አላልከኝም?»

እንዲህ ያለ ምርመራ በዓለም ላይ የለም፤ ፍንጭ ተገኘ ማለት አንድን ሰው አለብሽ የለብሽም ማለት አይደለም። ውሸት ነው የምትለምነኝ። ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል፣ በመስኮቱ ሳይ፣ ተመልሼ ስቀመጥ ጠበቀችኝ። እውነት ብዬ የተናገርኩት ልጅቱን ካርቱም ሊሰድዳት ነው። ውሸቱ ቤቷ ሊመልሳት ነው። ይህን የሚያስተምር መምህር አልነበረኝም። እሺ አልኳት።

የአሰጋሽን ደም ቀድቼ እንደሌሎቹ ላክሁት። ሦስት ሳምንት ቆጥሬ ጠራኋትና፣ ያልሠራሁትን ምርመራ ውጤት ፊቴን ኮስተር አድርጌ ነገርኳት። በፊት ያልኩሽ ስህተት ነበር፣ ጥፋቱም የእኔ ነው ብዬ ጨመርኩ፤ እሱ እንኳ እውነት ነው። በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ከዚያ ውኃ ይስጡኝ አለችና ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልቼ ብሰጣት አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ሽማግሌዎቹ ወደ ደመቀ ተመለሱ። ጀማሉም ስሜን መለሰልኝ፤ ዱክቱር መዶሻ ሲለኝ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰርጉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ምሳ ጠሩኝ። ከእነሱ ቤት በቀር ገዳሪፍ ውስጥ ቶሎ ልሂድ ያላልኩበት ቤት የለም፤ ያን ቀን ካሣን አጠገቤ አስቀምጬ እያጎረስኩት ነበር። ታከለ ከሥራ መጣ። ሰላም አለኝ፣ እጁን ታጠበ፣ ግን አልበላም። እጅጌውን እስከ ክንዱ ሰበሰበና ፊቴ ቆመ።

«የኔም ደም ሄዷል» አለ። «የኔስ ምን አለ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ አንዲት ውሸት ስጨነቅ፣ ውሸቷ ወንድም እንዳላት ረሳሁ። የአንተ ገና ነው፣ አልደረሰም አልኩት። የእሱ ከእሷ ቀድሞ አልነበረም ወይ የሄደው አለኝ። አንዳንዱ ይዘገያል አልኩ። በአየር ሁኔታ አመካኘሁ፤ በበረዶው አመካኘሁ። ልጁ ክንዱን እንደዘረጋ አለ። ምንስ ብዬ ልንገረው? ነጻ ነህ ብለው ነገ ሚስት አግብቶ ይወልዳል፤ አለብህ ብለው ዛሬውኑ ይሞታል። ሁለቱንም አላውቅም።

አሰጋሽ ሰሐን ይዛ ቆማ ነበር። አንድ ጊዜ እኔን አየችኝ። ከዚያ እናቷን አየች፤ ወለተ ማርያም ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም። ልጅቱ ቀስ ብላ ሰሐኑን አስቀመጠች። ምርመራ እንዳልነበረ፣ እናቷም ያኔ እጅጌዋን ለምን እንደሸፈነችባት እንደገባት ከፊቷ አነበብኩ፤ ያን ያህል ሐኪምነት እንኳ አለኝ።

ወደ ወንድሟ ሄደች፣ የሰበሰበውን እጅጌ መልሳ ወደ ታች አወረደችለት፣ ቁልፉንም ቆለፈችለት።

«ተወው ታኬ» አለችው። «ሰርጌ እንዳይሰናከል አዝነውልኝ ነው እንጂ የኔም አልመጣም። አንተና እኔ አንድ ነን፤ በመጣ ጊዜ አብረን እንሰማለን።»

ወለተ ማርያም ሰሐኑን አንሥታ ለታከለ አቀረበችለት። ታከለ እህቱ አጠገብ ተቀምጦ መብላት ጀመረ። ካሣ ደግሞ፣ ከነገሩ ምን ያህሉን እንደሰማ አላውቅም፣ የማታርፍ እጁን ዘርግቶ ሁለት ጊዜ ከሳታት በኋላ የልጅቱን ራስ ዳበሰ።

አሰጋሽ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ጥፋተኛ ተማሪ ይመስል ከኋላዋ እሄዳለሁ። ለደመቀ ራሷ እንደምትነግረው፣ እሱ የትዳሯ ባለቤት ስለሆነ ማወቅ እንደሚገባው ነገረችኝ።

«ለታከለ ግን ብቻህን ነህ አልለውም» አለች። «እምዬም ማወቄን አትወቅ። መሐላዋን ትጠብቅ።»

ጥቂት ከሄድን በኋላ ቆመች።

«ያ የሚጽፉት ወረቀት ላይ ከማን ሥር ነኝ?»

ከአባትሽ ከካሣ ሥር አልኳት።

«እዚያው ይተዉኝ» ብላ ተመለሰች።

ደብዳቤው ከለንደን የመጣው ሐምሌ ላይ ነው፤ ገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ለብሳ፣ ሎሪዎቹ ሁሉ ተይዘው በቆሙበት ሰሞን። ለቤተሰቡ አድናቆት፣ ለእኔም በመስከረም የሚጀምር ቦታ እንዳለ ይናገራል። አንድ ችግር ብቻ አለ። የካሣ ሴት ልጅ ተብሎ የተላከው ደም ከአባትየውም ከእናትየዋም ደም ጋር አይገጥምም። ብልቃጥ ተቀያይሮ ይሆን? ስህተቱ ካልተብራራ የቤተሰቡ መረጃ በሙሉ ሊጣል ነው፤ ቦታውም አብሮ።

ሰባት ዓመት የለመንኩት መውጫ እጄ ላይ ነበር። ብልቃጡ ተቀያይሯል ብዬ አንድ መስመር ብጽፍ ይበቃል፤ ወይም እውነቱን ከነታሪኩ ጽፌ የወለተ ማርያምን መሐላ ለማያውቋት ሰዎች ብሰጥ። ተቀመጥኩና መልሱን ሳልነሣ በአንድ መቀመጫ ጨረስኩት። ብልቃጡ እንዳልተቀያየረ፣ ከዚህ በላይ ግን ማብራሪያ እንደማልሰጥ ጻፍኩ። ቦታውን ለሌላ ሰው ይስጡ፤ እኔ ከዚሁ ሆኜ የቀሩትን ዘመዶች ደም እየሰበሰብኩ እልካለሁ፤ በምትኩ የምለምነው እውነተኛው ምርመራ የተገኘ ዕለት ከሁሉ በፊት እንዲነግሩኝ ነው፣ ታከለ የሚባል ሰው ይጠብቀኛል አልኩ። ስለ ክቧም ከታች ጨመርኩ፦

«የእሷን ደም ከስሌቱ አውጡት። እሷን ግን ከሐረጉ አታውጧት፤ የካሣ ልጅ ናት።»